አመድና ሞያ

ባለፈው ጥር የቀድሞ ተማሪዬ ልጁን ሲድር ጠርቶኝ መተማ ዮሐንስ ወርጄ ነበር። በሰርጉ ማግስት ፀሐዩ ሳይበረታ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ ኬላው በሚወስደው መንገድ ስሄድ፣ ባጃጆቹ ተደርድረው ከሚቆሙበት ማዶ አንድ የብየዳ ቤት አየሁ። አንድ ጎልማሳ አሁን ሰው ሁሉ የሚወደውን የሚያብረቀርቅ የማይዝግ ብረት በር እየበየደ ነበር። ጨርሶ ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና ወደ ውስጥ ዞሮ «ሞያ!» ብሎ ተጣራ። በሱዳኖቹ ዓረብኛ ሞያ ማለት ውሃ ነው፤ ድንበር ላይ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ባልደረባው ባልዲ ይዞ ወጣና ውሃውን በጋለው መስመር ላይ አንቆረቆረው። ብረቱ ጮኸ፤ እንፋሎቱ ተነሣ፤ ያ የጋለ ብረትና የውሃ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እኔም መሄድ አቃተኝ። «ለምንድን ነው ውሃ የምታፈሱበት?» አልኩት። «አባቴ፣ ይሄ እንደ ጥቁሩ ብረት አይስታመምም። ትኩሱን ካልጠጣ በኋላ ጉድ ይሠራል» አለኝ። ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ፤ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» አለ። ሁሉም እንዲህ የማይሠራበት ጊዜ ነበር። ያንን ጊዜ የሚያውቅ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ከእኔ በቀር አልነበረም መሰለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ዓመቱን ጥራ ብባል እሳሳታለሁ። በዚያ ሰሞን የትኛው ስብሰባ ምን እንደወሰነ ከጭንቅላቴ ወጥቷል። የማልረሳው ከጎንደር በጭነት መኪና ላይ ሆኜ ስወርድ የለበስኩትን ቡኒ ቴትሮን ሱሪ ነው። ላስተምር የተመደብኩባት፣ ከመተማ በፊት ያለችው ኮኪት ስደርስ ሱሪው ከጭኔ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ በሳምንቱ ትቼው እንደ አገሩ ሰው ሰፊ የሸማ ሱሪ አሰፋሁ። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ለዚያውም ብርጭቆው እስኪሞላ ስኳር ተጨምሮበት። ሱቆቹ ፊት ለፊት ከሱዳን የመጣ ሽቶ፣ ባለ ሰማያዊ አበባ የሻይ ሰሃንና ኮንጎ ጫማ በገመድ ተሰቅሎ ይታይ ነበር። ነጭ ጀለቢያ የለበሱት ነጋዴዎች ከሰዓት በኋላ ሬዲዮኖቻቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው የዑድ ዘፈን ይሰማሉ፤ ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት የቀን ሠራተኞች በየመንገዱ ዳር በየአገራቸው ዜማ ያንጎራጉራሉ። ሁለቱ ዜማዎች ገበያው ማዕዘን ላይ ይገናኙ ነበር። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። እኔ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ያወቅሁትን ሁሉ ለሰው ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ማንኛውንም ነገር «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ብዬ ነበር የማስረዳው። ሻይ ቤት ገብቼ እንኳ ሻዩ ለምን እንደቀዘቀዘ በሦስት ነጥብ እተነትናለሁ። ተማሪዎቹ ከኋላዬ «መምህር ሦስተኛ» ይሉኝ እንደነበር የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በኮኪት ከሁሉ በላይ የምወዳቸው ሰው ኡስታ ኢድሪስ ነበሩ። ኡስታ የሚለው ሱዳኖች ባለእጅን የሚጠሩበት የማዕረግ ስም ነው። በልጅነታቸው ከደጋው ወርደው፣ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ተሻግረው በአንድ ብረት ሠሪ ቤት ሙያቸውን ተምረው የተመለሱ፣ ረጅምና ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ሥራ ቤታቸው ገበያው ዳር ከአንድ ትልቅ ኒም ዛፍ ሥር ነበር። በዚያ አገር የተሰበረ የትራክተር ማረሻ፣ የተሰነጠቀ የሞተር ክፍል፣ የተጣመመ ጋሪ ሁሉ የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው። ዛፉ ሥር አንድ የማይጠፋ ነገር ነበራቸው፤ በግማሽ በርሜል የተሞላ የማሽላ አገዳ አመድ። አንድ ነገር በይደው እንደጨረሱ የጋለውን ቦታ በሞቀ አመድ ይቀብሩታል። በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ማንም አይነካውም። ይህን «ማስታመም» ይሉታል። «ብረት ከእሳት ሲወጣ ታማሚ ነው። ታማሚ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋል እንዴ? አልብሰህ ታስታምመዋለህ» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ የማረሻ ብረት ከእሳት ወጥቶ ድንገት ውሃ ከነካው ደርቆ እንደ ሸክላ ይሰበራል። እኔ ይህን በመጽሐፍ ነበር የማውቀው፤ እሳቸው በእጃቸው ያውቁታል። እንዲህ አስታመው የመለሱት ዕቃ ተመልሶ ስለማይመጣ ገበሬው ሁሉ በእጃቸው ይምል ነበር።

ስለ ገዳሪፍ ዘመናቸው ሲያጫውቱ ሁልጊዜ የሚደግሟት አንዲት ቀልድ ነበረች። «ገና እንደሄድኩ አንዲት ቃል ዓረብኛ አላውቅም። ጌታዬ አንዳንድ ቀን የሚያበራውን ብረት፣ ይሄን ኢስታንለስ የምትሉትን፣ ይበይዳል። እኔ ይዤለት እቆማለሁ። እንደጨረሰ ወደ እኔ ዞሮ 'ሞያ! ሞያ!' ይላል። እኔ ሞኙ፣ 'ሞያ ነው፣ ባለሞያ ነህ' የሚለኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ፈገግ እላለሁ! እሱ ይስቅና ሌላውን ሠራተኛ ይጠራል። እኔም ተመሰገንኩ ብዬ ምሳዬን ልበላ እሮጣለሁ። ከስንት ወር በኋላ ነው ሰውየው ተጠምቶ ውሃ እንደሚለምነኝ ያወቅሁት! ወላሂ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውየውን በጥም ስገድለው ከረምኩ።» ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ይስቃል። እኔም በሰማሁት ቁጥር ስቄያለሁ።

ከኮኪት ወጣ ብሎ የነበረው የመንግሥት እርሻ ለቀን ሠራተኞቹ የሚያብረቀርቅ የማይዝግ ብረት የውሃ ታንከር ነበረው። ከድንበር ማዶ በሁለት ግማሽ የመጣውን ታንከር የገጣጠሙት ኡስታ ኢድሪስ ናቸው፤ እንደ ልማዳቸው እያንዳንዱን የብየዳ መስመር አመድ አልብሰው አስታመውታል። ሦስት ክረምት ጠብታ ሳያፈስ አገለገለ። ሠራተኛው ሲበዛ ሁለተኛ ታንከር መጣ፤ እሱም ከድንበር ማዶ፣ እሱም በሁለት ግማሽ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው የሚያበራ። እሱንም እሳቸው ገጣጠሙት፤ እሱንም አስታመሙት። ይህኛው ርቆ ሽንፋ ወንዝ በኩል ካለው ማሳ ላይ ቆመ። በጎኑ ላይ በቀይ ቀለም «ውሃ» ተብሎ ተጻፈበት። እሑድ እሑድ ለቀን ሠራተኞቹ ፊደል የማስቆጥረው እኔ ነበርኩ። ሞላ የሚባል የጎጃም ሰው ነበር፤ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ፣ ጣቱ በማጭድ የተቆራረጠ። አንድ ቀን ከታንከሩ ጎን ቆሞ ቀዩን ጽሕፈት አፍጥጦ አየና «ው… ሃ። ውሃ! መምህር፣ ውሃ ነው የሚለው!» ብሎ ጮኸ። ያለ እኔ እርዳታ ያነበባት የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ነበረች። ጓደኞቹ «ታዲያ አረቄ ሊል ኖሯል?» ብለው ሳቁበት።

ታንከሩን ለመሙላት ከኮኪት እየተጫነ የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነበር፤ በሽታ ስለተፈራም የክሎሪን ዱቄት ይጨመርበታል። በሁለተኛው ዓመት ልክ አጨዳው ሲጧጧፍ አዲሱ ታንከር ማፍሰስ ጀመረ። ሄጄ አይቼዋለሁ። ብየዳው ራሱ ደህና ነው። ከብየዳው አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ ግን፣ ከመስመሩ ጎን ለጎን፣ በምላጭ የተሠራ የሚመስል ቀጭን ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ወርዷል። በአንድ ሌሊት ታንከሩ ባዶ ቀረ። ከኮኪት ውሃ እስኪመጣ ሦስት ቀን ፈጀ። ሠራተኞቹ በሦስቱ ቀን ከብት የሚጠጣበትን ኩሬ ጠጡ። ብዙዎቹ በተቅማጥ ወደቁ፤ አብዛኞቹ ተነሡ። ሞላ አልተነሣም።

ኡስታ ኢድሪስ በማግስቱ ተይዘው የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ተዘጋባቸው። በዚያ ዘመን «አሻጥር» የምትባል ቃል ነበረች፤ ሆን ብሎ የሕዝብን ሥራ ማበላሸት ማለት ናት። ቃሏ የተለጠፈችበት ሰው ወደ ጎንደር ይላካል፤ የተላከ ሁሉ ደግሞ አይመለስም። የቀበሌው ሊቀመንበር በካኪ ኮቱ ላቡ እየተንቆረቆረ በስብሰባው ላይ ያቀረበው ክስ አጭር ነበር። «የመጀመሪያውን ታንከር ማን ሠራው? እሱ። ያፈሳል? አያፈስም። ሁለተኛውን ማን ሠራው? እሱ። አፈሰሰ፣ ሰው ሞተ። እንግዲህ መሥራት ያውቃል ማለት ነው። አውቆ ነው ያበላሸው!» ኡስታ ኢድሪስ ራሳቸው «ሁለቱንም እኩል ነው ያስታመምኩት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

እኔ እጄን አወጣሁ። ከመምህራን ማሠልጠኛው ይዤው የመጣሁት ስለ ብረታ ብረት የሚያወራ አንድ መጽሐፍ ነበረኝ፤ ሌሊቱን ሳነበው ነበር ያደርኩት። እንደ ክፍል ውስጥ ቆምኩና ጀመርኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንደኛ፣ ይህ ብረት የማይዝገው ክሮሚየም የሚባል ነገር ስላለበት ነው። ሁለተኛ፣ ብረት ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ ብዙ ትናንሽ ቅንጣቶች ነው፤ ልክ እንደ ማሳ እርስ በርሳቸው ድንበር አላቸው። ክሮሚየሙ በየቅንጣቱ ተበትኖ ዘብ የቆመ ነው። ሦስተኛ፣ ብረቱ ውስጥ ካርቦን ካለ፣ ብረቱ ግሎ ቀስ እያለ ሲበርድ ካርቦኑ ወደ ድንበሩ ይሸሻል፤ እዚያ ያገኘውን ዘብ ሁሉ ይዞ አንድ ቦታ ይከማቻል። ያኔ የድንበሩ ዳር ባዶውን ይቀራል። ጨውና ክሎሪን ያለበት ውሃ ደግሞ በዚያው በባዶው…»

«ቆይ» አለ ሊቀመንበሩ። «የድንበር ዘብ ከድቷል ነው የምትለው?»

ሰው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን እየሸሸ ይሻገር የነበረበት ጊዜ ነው። ከበሩ አጠገብ መሣሪያ ይዞ የቆመው፣ ደርሶ የሚባለው ዘበኛ ነበር ያዳነኝ። «ጓድ፣ ስለ ብረት ነው የሚያወራው። እኔ ዘቡ ይኸው እዚህ አለሁ» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም ፊቱ ተፈታ። «እሺ። የመጀመሪያውስ ብረት ለምን አልተሰነጠቀም? እሱም ቀስ ብሎ ነው የበረደው» አለኝ። «ካርቦኑ ትንሽ ቢሆን ነዋ! ሲታዩ ሁለቱም እኩል ያበራሉ፤ ውስጣቸው ግን አንድ አይደለም» አልኩ። «ወሬ ነው። በዓይናችን ካላየን ወሬ ነው። አንድ ሳምንት ሰጥቼሃለሁ።»

ከሁለቱም ታንከር ሲገጣጠሙ የተቆረጠ ላሜራ ዛፉ ሥር ተጥሎ ነበር። ዘበኛው ደርሶ ኡስታ ኢድሪስን አጅቦ አመጣቸው፤ ልክ ታንከሩን እንደሠሩት እንዲሠሩ ነገርኳቸው። ከአዲሱ ላሜራ አንድ ቁራጭ በየዱና አመድ አለበሱት፤ በዚህኛው ላይ በሞረድ አንድ ሠረዝ ጫርሁበት። ከአሮጌው ላሜራ አንድ በየዱና አመድ አለበሱት፤ ሁለት ሠረዝ ጫርሁበት። እኔ ግን መምህር ሦስተኛ ነኝ፤ መጽሐፉም ያለውን ልሞክር ብዬ ከአዲሱ ላሜራ ሌላ አንድ ቁራጭ አስበየድኩ። አመድ ሊያለብሱት ሲያጎነብሱ ቀድሜያቸው አንድ ጣሳ ውሃ ከላዩ ደፋሁበት። ብረቱ ሲጮህ ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ።

«ኧረ አንተ ልጅ! ገደልከው እኮ!»

«ይለይለት ኡስታ» አልኳቸውና ሦስት ሠረዝ ጫርሁበት። ደርሶ ሲጋራውን እያጤሰ «እኔ ስይዛቸው እንኳ እንዲህ አልጮሁ፣ ለአንድ ቁራጭ ቆርቆሮ!» ብሎ ሳቀ።

ሦስቱን ቁራጮች በትምህርት ቤቱ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ከትቼ፣ ከትራክተር ባትሪ የቀዳሁትን አሲድ በውሃ አቅጥኜ፣ ለማስተማሪያ ከመጣው ኬሚካል ውስጥ ሰማያዊውን የመዳብ ጨውና ስብርባሪ መዳብ ጨምሬ ከሰል ላይ ጣድኩት። ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ፣ በማግስቱም እንዲሁ፣ የጎደለውን ውሃ እየሞላሁ አንተከተክሁት። ከዚያ አንድ በአንድ ብረት በሚጨብጠው ሞርሳ አስሬ በመዶሻ አጠፍኩ። ባለ አንድ ሠረዙ ገና ሳይታጠፍ ከብየዳው ጎን ልክ እንደ ታንከሩ ተሰነጠቀ። ባለ ሁለት ሠረዙ ተጣጥፎም ደህና ነው። ልቤ ዘለለ! ከዚያ ባለ ሦስት ሠረዙን አጠፍኩ። እሱም ደህና ነው። ያው መጥፎው ላሜራ ነው፤ ግን ውሃ ሲደፋበት ካርቦኑ ለመሸሽ ጊዜ ስላላገኘ ዘቡ ከቦታው አልተነሣም። መጽሐፉ ያለው በሙሉ እውነት ሆነ። ደስታዬ ግን ከዚያች ደቂቃ አልዘለቀም። ይህን ቁራጭ ሊቀመንበሩ ካየው ምን እንደሚል ገባኝ። «እንግዲህ ጥፋቱ የላሜራው አይደለም፤ የሰውየው አሠራር ነው» ይላል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ነገር ላለማስረዳት ወሰንኩ። ሦስተኛዋን ቁራጭ ኪሴ ከተትኳት።

በስብሰባው ቀን ሁለቱን ቁራጮች በሰው ሁሉ እጅ አዞርኩ። «አንደኛ፣ ይህ ከአዲሱ ታንከር ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ከአሮጌው ነው። አንድ እጅ ነው የበየዳቸው፤ አንድ አመድ ነው ያለበሳቸው። ልዩነቱ ከላሜራው ነው፤ ይህን ደግሞ በዓይን የሚያይ ሰው የለም» አልኩና ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ የተሰነጠቀውን ቁራጭ ብዙ ጊዜ አገላበጠው። የሞላ አጎት ልጅ ከኋላ ተነሥቶ «እኛም ሽማግሌው እንዲገደል አልጠየቅንም» አለ። ላሜራው ከድንበር ማዶ የመጣ ስለሆነ ማንም የሚያዝ አልተገኘም። ኡስታ ኢድሪስ በዚያው ዕለት ወደ ኒም ዛፋቸው ተመለሱ። ሰዎች እጃቸውን እየጨበጡ እንኳን አላህ አወጣዎት አሏቸው፤ እኔንም ትከሻዬን መቱኝ። ከመጠን በላይ ኮርቼ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሥራ አልጀመሩም። አመዱ በርሜሉ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ድመት ተኝታበታለች። ሻይ አስመጡልኝ። ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፦

«ሦስተኛውስ?» አሉኝ።

«ምኑ ሦስተኛው?»

«አትዋሸኝ። አንተ አንደኛ ሁለተኛ ብለህ የተቀመጥክበት ቀን አይቼ አላውቅም። ሦስት ነው የበየድኩልህ። ውሃ የደፋህበት የት ሄደ?»

ወዳጆቼ፣ ብዙ ነገር ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ፤ ያን ዕለት ግን እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ቁራጯ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነበረች። አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። ሦስቱን ሠረዝ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። የታጠፈችበትን ቦታ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፤ ስንጥቅ ፈለጉ፤ በጥፍራቸው ፈተሹት። ተነሥተው በሞርሳው አስረው መልሰው አቀኗት፤ ደግሞ አጠፏት። አልተሰነጠቀችም።

«ኡስታ፣ እርስዎ እንዴት ሊያውቁ ይችሉ ነበር? ማንም አልነገረዎት» አልኳቸው።

ድመቷ ከአመዱ ላይ ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ፈገግታ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ነገር ፊታቸው ላይ መጣ።

«ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ሞያ፣ ሞያ እያለ አንድ ዓመት ሙሉ ሲነግረኝ ነበር። ተጠምቶ አልነበረም እኮ።»

ያችን ቀልድ ከዚያ በኋላ ሲያወሯት ማንም አልሰማም። እኔም በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተዛውሬ ሄድኩ። ያን ባሉኝ ማግስት ጠዋት ወደ ክፍል ስሄድ ግን በሥራ ቤታቸው በኩል አልፌያለሁ። አመዱ በቦታው ነበር። ከአመዱ አጠገብ፣ አፉ ድረስ የተሞላ አንድ ባልዲ ውሃ ተቀምጦ አየሁ።